ማን በላት? የኮሪያው ፊልምና የእኛ የድሮ ጥያቄ



በዚህ ዓምድ ልጆቻችን በራቸውን ዘግተው በስልክና በኮምፒውተር የሚያዩትን እያነሣን እንጫወታለን። አንዳንዱ ያስቀናል፣ አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ ያስደነግጣል። የዛሬው ከሚያስደነግጠው ወገን ነው። ቢሆንም ወላጅ የሆነ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋልና ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ።

የኮሪያ ነገር ቤታችን ከገባ ሰነበተ። ዘፈኑ፣ ድራማው፣ በፍል ውኃ ተነክሮ የሚበላው በርበሬ የበዛበት ፓስታ ሳይቀር ገብቷል። ድራማውን ደግሞ ልጆች ብቻ አይደሉም የሚያዩት፤ እናቶችም ይወዱታል። ቋንቋው ባይገባ አኳኋኑ ይገባላ! ታናሽ ለታላቅ ጎንበስ ይላል። ዕቃ በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በሁለት እጅ ይቀበላል። ማዕድ ቀርቦ ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ይህን ያየች እናት «እነዚህስ የእኛው ወገኖች ናቸው» ብትል አይፈረድባትም።

ታዲያ ኮሪያዎች ሌላም ዓይነት ፊልም አላቸው። ርኩስ መንፈስ ስለያዘው ሰውና መንፈሱን ስለማስወጣት የሚሠሩት ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የካቶሊክ ካህናት ከአንዲት ልጃገረድ ሰይጣን ሲያስወጡ የሚያሳይ ፊልም ወጣ፤ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አየው። በ2024 ደግሞ «ፓምዮ» የተባለ ወጣ፤ መቃብር መክፈት ማለት ነው። የአያት መቃብር ያለ ቦታው ተቆፍሮ ልጅ ልጁን ሲያሳምም ያሳያል። እሱን ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። የሁለቱም አዘጋጅ ጃንግ ጄ-ህዮን ይባላል።

እኔ የመረጥኩላችሁ ግን በመካከል፣ በ2016 የወጣውን «ጎክሶንግ» የሚባለውን ነው። ያዘጋጀው ና ሆንግ-ጂን ነው። በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ከውድድር ውጭ ታይቷል፤ በአገሩም ከ6 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። የመረጥኩበት ምክንያት አንድ ነው። ሌሎቹ ፊልሞች ስለ ካህናትና ስለ አዋቂዎች ናቸው። ይህኛው ልጁ ስለታመመችበት አባት ነው።

ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ መጨረሻውንም እናገራለሁ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፣ ደም ይበዛበታል፣ ከታች የሚጻፈው ትርጉምም ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ ነው። ብዙዎቻችሁ ቁጭ ብላችሁ እንደማታዩት ስለማውቅ ታሪኩን ሙሉውን ልስጣችሁ።

ስሙ ሰምና ወርቅ ነው

ጎክሶንግ በደቡብ ኮሪያ ያለ እውነተኛ የገጠር ወረዳ ነው። ተራራው ለምለም፣ ጉሙ ወፍራም፣ ሕዝቡ ገበሬ ነው። ቃሉ ግን በኮሪያኛ ሌላም ፍቺ አለው፤ በሌላ ፊደል ሲጻፍ የለቅሶ ድምፅ፣ ዋይታ ማለት ይሆናል። አዘጋጁ ሆን ብሎ ፊልሙን የሰየመው በዋይታው ፊደል ነው። ሰሙ የአገር ስም፣ ወርቁ ለቅሶ። በቅኔ አገር ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጆንግ-ጉ የሚባል የመንደር ፖሊስ አለ። ሰነፍ ቢጤ፣ ትንሽም ፈሪ፣ ሆዱ የሞላ፣ ደግ ሰው ነው። አንድ ሌሊት በዝናብ ስልክ ይደወልለታል፤ ሰው ተገድሏልና ድረስ ይባላል። የሚስቱ እናት «መጀመሪያ ቁርስህን ብላ» ስትለው ተቀምጦ ይበላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እቦታው ሲደርስ የሚያየው ግን አእምሮ የሚያስት ነገር ነው። አንድ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ፈጅቶ፣ ሰውነቱ በሽፍታ ተበልቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ተቀምጧል።

ብዙ ሳይቆይ ሌላ ቤት እንደዚሁ ይሆናል። ከዚያም ሌላ። ሹማምንቱ «የጫካ እንጉዳይ በልተው ነው ያበዱት» ይላሉ። መንደሩ ግን ሌላ ወሬ ይዟል። ከተራራው ላይ ብቻውን የሚኖር አንድ የጃፓን ሽማግሌ አለ። ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። «እሱ ከመጣ ወዲህ ነው» ይባላል። «ጫካ ውስጥ ዓይኑ ቀልቶ የሚዳቋ ሥጋ ጥሬውን ሲበላ ታይቷል» ይባላል። ማን አየው? አንድ አዳኝ አየው። አዳኙ ለማን ነገረ? ለአንዱ። ወሬ እግር የለውም ግን ይሮጣል።

ሰውየው ጃፓናዊ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ድረስ ገዝታታለች፤ ቂሙ ዛሬም አልበረደም። ስለዚህ የኮሪያ ተመልካች ገና ሽማግሌውን ሲያይ ልቡ ወደ ክፉ ያዘነብላል። አዘጋጁ ይህን ያውቃል፤ የሚጫወተውም በዚሁ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን የፖሊሱ ልጅ ሂዮ-ጂን ትታመማለች። አንድያ ልጁ ናት። አባቷን የምታጫውት፣ ከዕድሜዋ በላይ የምታስብ፣ አንደበቷ ጣፋጭ ልጅ ነበረች። ያቺ ልጅ ዓሣ እንደ ተራበ አውሬ ትሰለቅጣለች፤ በአባቷ ላይ ጸያፍ ስድብ ታወርድበታለች፤ ገላዋ ላይ ያ ሽፍታ ይወጣል። ሌሊት ትጮኻለች። ልጅቷን ሆና የተጫወተችው ኪም ህዋን-ሂ በጊዜው ገና ልጅ ነበረች፤ ያየ ሁሉ ትወናዋን ያደንቃል።

ሦስት ደጆች

ልጅ ሲታመም ወላጅ የማያንኳኳው ደጅ የለም። ጆንግ-ጉም ሦስት ደጅ ያንኳኳል።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው። ሐኪሞች ይመረምሯታል፤ ግን አባት ልብ የሚያርፍበትን መልስ አይሰጡትም።

ሁለተኛው በአያትየዋ ምክር የተጠራው የመናፍስት አዋቂ ነው። ኢል-ግዋንግ ይባላል። ዘመናዊ መኪና ነድቶ፣ ፀጉሩን አስይዞ፣ ኮራ ብሎ ይመጣል። ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት የስጎ እንስራዎች አንዱን ሰብሮ የሞተ ቁራ ያወጣል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ ያምናል፤ እናንተስ ብትሆኑ አታምኑም? ከዚያ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። አባት «ለምን የእኔ ልጅ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚሰጠው መልስ በጣም የታወቀ ነው። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ ሲጥል የትኛው ዓሣ እንደሚነክሰው ያውቃል ወይ ይለዋል፤ እሱ መብሉን ጣለ፣ ልጅህ ነከሰች፣ ይኸው ነው።

ሦስተኛው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሱ ሰምተውት «በዓይንህ አይተኸዋል? ቤተ ክርስቲያን በዚህ ምንም ልታደርግልህ አትችልም፤ ወደ ሐኪም ሂድ» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጥተው ይሸኙታል። ትክክል ተናገሩ እንበል። ግን ልጁ የምትሞትበትን ሰው በትክክል ንግግር ብቻ መሸኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ፊቱ ላይ ይታያል።

ይህ የአንድ ሰው መንከራተት የኮሪያን አገር ራሱን ያሳያል። በ2015 የሕዝብ ቆጠራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሃይማኖት የለኝም ብሏል፤ ከቀረው ክርስቲያኑና ቡድሂስቱ ይበዛል። ሆኖም ሱቅ ሲከፍት፣ ልጁ ፈተና ሲቀመጥ፣ በሽታ ሲጸና፣ የአዋቂ ደጅ የሚጠና ሞልቷል። ቀን የሚናገሩት ሌላ፣ ሌሊት የሚሄዱበት ሌላ። ይህማ በኮሪያ ብቻ አይደለም። ንጉሥ ሳኦል ሙታን ሳቢዎችን ከአገር አስወጥቶ ሲያበቃ፣ ጭንቅ ሲመጣበት ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሴትዮ ሄዶ የለ!

ሙዳንግና ባለ ዛር

የኮሪያ የመናፍስት አዋቂ ሙዳንግ ይባላል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ሥርዓቱ ጉት ይባላል። ከበሮ ይመታል፣ ጸናጽል መሰል ነገር ይጮኻል፣ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ ይለበሳል፣ መሥዋዕት ይቀርባል፣ አዋቂዋ እስክትወድቅ ትጨፍራለች።

ሰው እንዴት ሙዳንግ ይሆናል? መጀመሪያ ይታመማል። እህል አይወርድለትም፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሕልም ያስጨንቀዋል፣ ሐኪም አይፈታውም። ኮሪያዎች ይህን የመንፈስ በሽታ ይሉታል። ድኅነቱም መንፈሱን ማባረር ሳይሆን ተቀብሎ ማገልገል ነው ይላሉ። ሥርዓቱ ተደርጎላት የተቀበለች ሴት ከዚያ በኋላ ራሷ ሌላውን ታክማለች።

ይህን ሲሰማ «ዛር!» ያላለ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። የጎንደር ዛርም እንዲሁ አይደል? ያደረበትን ሰው ፈረሴ ነው ይላል። ስሙን ያስጠራል፣ የሚፈልገውን ያዝዛል፤ ቡናውን፣ ዕጣኑን፣ ዶሮውን በቀለሙ፣ ልብሱን በዓይነቱ። ከዛር ጋር ስምምነት ይደረጋል እንጂ ዛር ብዙ ጊዜ አይባረርም። የታመመችው ሴት ቆይታ ባለ ዛር ትሆናለች፤ ሌሎች እሷ ደጅ ይመጣሉ። በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ጎንደር ተቀምጦ፣ መልካም አያሁ ከተባለች ባለ ዛር ቤት እየዋለ ያየውን ጽፏል። ኋላም በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ ከቴአትር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አስረድቷል። ሐሰት ነው ለማለት አይደለም። ታማሚው፣ አዋቂዋ፣ ተመልካቹ፣ ሁሉም የየራሱን ድርሻ ያውቃል፤ በዚያች ሌሊት በሌላ ቀን የማይነገር ነገር ይነገራል ለማለት ነው።

የእኛ ካህናት ይህን ሲቃወሙ ኖረዋል፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጠንቋይና ሟርተኛ መጠየቅ ተከልክሏልና። ሆኖም ከከለከሉትም ቤት፣ ከተከለከለውም ቤት፣ ዛር ያለባት አክስት ወይም አያት እንደነበረች እናውቃለን። ከእኛ ጋርም ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። ዝም ማለት አይጠቅምም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ኢል-ግዋንግ ጉት የሚያደርግባት ሌሊት ከፊልሙ ሁሉ የታወቀችው ናት። ግቢው በእሳት ቦግ ብሏል። ከበሮው ያጓራል። ፍየል ይታረዳል፣ ነጭ ዶሮ ይታረዳል። አዋቂው በእንጨት ምስል ላይ ችንካር በመዶሻ ይመታል። በዚያው ሰዓት ጃፓናዊው በተራራው ቤቱ ጥቁር ዶሮ ሰቅሎ የራሱን ሥርዓት ሲያደርግ ይታያል። ተመልካች «አሃ፣ ሁለቱ እየተዋጉ ነው» ይላል። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ በሥቃይ ትንፈራገጣለች፤ አባቷን «አስቁማቸው» ትላለች። አባት አልቻለም። ገብቶ ሥርዓቱን በረጋግጦ ያቋርጣል።

አቋረጠው ብለን ተናደድን። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ችንካሩ የሚመታው ማንን እንደነበር እንጠራጠራለን። ምክንያቱም ያ አዋቂ በመጨረሻ መኪናው ውስጥ የሟቾቹን ሁሉ ፎቶግራፍ የያዘ ሳጥን ይገኝበታል። ገንዘብ የተከፈለው ለማዳን ነበር፤ እጁ ግን ከገዳዩ ጋር ነበረ። የኮሪያው አዘጋጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ አይነግረንም። ለወላጅ ግን ይበቃል። ቁራውን ከእንስራ ያወጣ ሁሉ ቁራውን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅነውም።

ማን በላት?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን።

አባትየው አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኗል፤ ልጄን የነካት ያ ጃፓናዊ ነው። ቤቱን ሄዶ ሰብሯል፣ ውሻውን ገድሏል፣ በሦስት ቀን ከአገር ውጣ ብሎታል። ጓደኞቹን አስተባብሮ በመሣሪያ ያድነዋል። ሽማግሌው በገደል ላይ ሲሸሽ፣ ብርድ ላይ ተደብቆ ሲያለቅስ እናያለን። በመጨረሻ በመኪና ይገጩታል፤ ሬሳውን ከመንገድ ዳር ወደ ገደል ይጥሉታል። ማንም አይናገርም። ልጅቷም የተሻላት ትመስላለች።

ይህን የሚያይ የኮሪያ ወጣት ይፈራል። የእኛ ሰው ሲያየው ግን ሌላ ነገር ይሰማዋል። ምክንያቱም ከተራራው ላይ ያለው እንግዳ እኛ ነበርን።

በደምቢያ፣ በወገራ፣ በስሜን፣ ብረት የሚቀጠቅጥ አባትና ሸክላ የምትሠራ እናት ምን ይባሉ እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም። ማረሻውን ከእኛ ይገዛሉ፤ ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ እንስራውን ከእኛ ይገዛሉ። ሲመሽ ግን ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ ይሉናል። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው፣ ላም ወተቷ ሲነጥፍ፣ ነፍሰ ጡር ሲያስወርዳት ዓይን ወደ እኛ መንደር ይዞራል። የታመመውን ያጨሱታል፣ ያስለፈልፉታል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ማን በላህ? ማን በላሽ?» በትኩሳት የሚቃዠው ሰው አንድ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰው ከዚያ ሌሊት በኋላ እንዴት እንደሚያድር ያደረ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጎክሶንግን ሳይ ከሰይጣኑ ይልቅ ያስፈራኝ ወሬው ነው። አንድ ሰው አየሁ አለ፤ ሁለተኛው ሰማሁ አለ፤ ሦስተኛው ድንጋይ አነሣ።

እዚህ ላይ ግን ፊልሙን ዝም ብዬ አላወድሰውም። በመጨረሻ ጃፓናዊው እውነትም ክፉ ሆኖ ይወጣል። ዋሻ ውስጥ ዓይኑ ይቀላል፣ ጥፍሩ ይረዝማል፣ ዲያብሎስ ሆኖ ይታያል። «ታዲያ መንደርተኛው እውነቱን ነበር ማለት ነው?» ብሎ ልጃችን ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ቡዳ ተብሎ ለኖረ ሕዝብ ይህ መራራ ነው። ሐሜት ሁሉ እንዲህ እውነት ሆኖ ቢወጣ ኖሮ እኛ ዛሬ የለንም።

አዘጋጁ ግን አንድ ቀዳዳ ትቶልናል፤ ልብ ብላችሁ ስሙት። ዋሻው ውስጥ የሚገባው ወጣት ዲያቆን ማጭድ ይዞ ነው። ማንነትህን ንገረኝ ይለዋል። ሽማግሌውም አንተ እኮ ገና ስትመጣ ዲያብሎስ ነው ብለህ ጨርሰህ ነው የመጣህ፤ እኔ ሌላ ነኝ ብልህ ልብህ አይለወጥም የሚል ነገር ይመልስለታል። መልኩ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰውየው ምን እንደነበር ከዚያ በፊት ያጣራ የለም። እንግዲህ የፈለጋችሁትን ፍረዱ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ክፉ ቢሆንም ባይሆንም አባትየው መዶሻውን ያነሣው ሳያውቅ ነው። እውቀት ኋላ መምጣቱ ጥፋቱን አያጥበውም።

አውራ ዶሮ ሳይጮኽ

ነጭ ልብስ የለበሰች ስም የለሽ ሴት አለች። አንዴ ትታያለች፣ አንዴ ትጠፋለች። መጨረሻው ሌሊት አባትየውን ጨለማ መንገድ ላይ ታስቆመዋለች። ቤትህ ደጃፍ ላይ ወጥመድ አኑሬያለሁ፤ አውራ ዶሮ ሦስት ጊዜ ሳይጮኽ አትግባ፤ ከገባህ ቤተሰብህ ያልቃል ትለዋለች። በዚያው ሰዓት አዋቂው በስልክ እሷ ናት ክፉዋ፣ አትስማት፣ ወደ ቤትህ ሂድ ይለዋል። ማንን ይመን?

እዚህም «ለምን የእኔ ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል። አዋቂው ዓሣ ማጥመድ ነው ብሎት ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ የአባቷ ኃጢአት ነው ትላለች፤ ሰውን ጠረጠርክ፣ ልትገድል አሰብክ፣ ገደልክም። እሱም ልጄ እኮ የታመመችው ከዚያ በፊት ነው ይላል። እውነቱን ነው! የኢዮብ ወዳጆችም «ሳትበድል አልቀረህም» ብለው አድክመውት ነበር። ለዚህ ጥያቄ ፊልሙ መልስ የለውም፤ መልስ አለኝ የሚለውን ሁሉ ግን አጠራጣሪ አድርጎ ያሳየናል። እኛም ልጁ ለታመመበት ሰው ምክንያቱን ለመንገር ባንቸኩል ጥሩ ነው።

ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሦስተኛውን አልጠበቀም። ገባ። ሚስቱና አማቱ ሞተው አገኛቸው፤ ልጁ ቢላዋ ይዛ ተቀምጣለች። ፊልሙ የሚያበቃው አባትየው ደጃፉ ላይ ወድቆ፣ ዓይኑ እየደከመ፣ ልጁ ጤነኛ ሳለች አብረው የተጫወቱባትን ቀን ሲያስብ ነው። አባትሽ ፖሊስ ነው፣ አይዞሽ፣ ሁሉን አስተካክላለሁ ይላታል።

ለእኛ ቤት

ሦስት ነገር ላስታውሳችሁ።

አንደኛ፣ ፊልሙን ልጅ ሲያየው ብታገኙት። በኮሪያ ከ15 ዓመት በታች ላሉት ብቻውን አይፈቀድም፤ እኔም ከዚያ በታች ላለ ልጅ አይሆንም እላለሁ። ከፍ ያለው ካየው ግን ከመጮኽ ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡ። «በእኛም አገር እንዲህ ያለ ነበር» በሉት። ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ ከኢንተርኔት ከሚሰማ ከእናንተ ይስማ። ለምን ጅብ ይሉን እንደነበር ያላወቀ ልጅ፣ ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ነገሩ ከትናንት የጀመረ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተርጓሚው። ያ ወጣት ዲያቆን ወደ ታሪኩ የገባው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጃፓንኛ ስለሚችል ነው። ፖሊሱ ሽማግሌውን የሚጠይቀው በእሱ አፍ ነው። የትልልቅ ሰዎችን ቁጣና ፍርሃት ሁሉ በአንደበቱ እያመላለሰ፣ ሸክሙ ሳይገባው ሸክም ሆነበት፤ ዋሻው ድረስ ወሰደው። የእኛም ልጆች ኩፓት ሖሊም ውስጥ በሐኪምና በእናት መካከል ቆመው ያስተረጉማሉ። የእናቱን ጭንቀት፣ የአባቱን መጠጥ፣ የእኅቱን ሌሊት መጮኽ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዕብራይስጥ ያስረዳል። እናት «ሆዴ ተቃጠለ» ስትል ልጁ ቃሉን እንዳለ ያስተላልፋል፤ ሐኪሙም የጨጓራ ምርመራ ያዝዛል፤ እሷ ግን የተናገረችው ስለ ሐዘኗ ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚው በቋንቋውና በባህሉ እንዲያገለግሉት አዟል። «አማርኛ የሚችል አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው። ልጁን አሳርፉት።

ሦስተኛውና ዋናው። ከሠራዊት ተመልሶ እንቅልፍ ያጣ ወንድ ልጅ፣ ክፍሏን ዘግታ እህል የማትቀምስ ሴት ልጅ፣ ብቻዋን የምታወራ እናት በየመንደሩ አሉ። ጎረቤት እንዳይሰማ እንደብቃለን። ስንደበቅ ስንደበቅ በመጨረሻ በሌሊት የምናንኳኳው ደጅ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ደጅ ይሆናል፤ እሱም መጀመሪያ የሚነግረን የጠላት ስም ነው። «እገሌ ነው ያሠራባችሁ» ይላል። ያኔ ሕመሙ ሳይድን ዝምድናው ይቀበራል።

ጸሎት የሚጸልይ ይጸልይ፤ ካህን ጠርቶ የሚያስመርቅ ያስመርቅ። ይህ ከሐኪም አይጣላም። ለሐኪሙ ደግሞ ሁሉን ንገሩት፤ «ዛር ነው ብለን ነበር፣ ጠበልም ሄደናል፣ ይህንም ቅጠል ጠጥታለች» ለማለት አትፈሩ። ያልተነገረው ሐኪም ሊረዳችሁ አይችልም። ጭንቅ ሌሊት ከመጣ የዔራን የስልክ መስመር 1201 ቀንና ሌሊት ይመልሳል። ስም የሚጠራላችሁን፣ ጠላት የሚያሳያችሁን ግን ሽሹት።

አንድ ነገር ደግሞ ከፊልሙ ልጨምር። ያ አባት በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልሄደበት የለም። ተራራ ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ገባ፣ አዋቂ አመጣ፣ ሰው አሳደደ። ልጁ አጠገብ ሲቀመጥ ግን እንደ ፖሊስ «ያ ሰው አግኝቶሻል ወይ? ምን አደረገሽ?» እያለ ነው የሚመረምራት። «ምን ይሰማሻል ልጄ?» ብሎ ዝም ብሎ ሲሰማት እኔ አላየሁም። ሌላው ሁሉ ከአቅሙ በላይ ነበር። ይህች ግን በእጁ ነበረች።

በሚቀጥለው እትም፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ቀለል ያለ ነገር ይዤላችሁ እመጣለሁ። እስከዚያው ቤታችሁ ሰላም፣ ልጆቻችሁ ጤና ይሁኑላችሁ።